የመርከቡ ስፓ፦ ስጦታው ከመገዛቱ በፊት አረጋዊው ይጠየቅ

የበጋው ወራት ሲቃረብ ከሐይፋ ወደብ ወደ ቆጵሮስና ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚሄዱ የመዝናኛ መርከቦች ማስታወቂያ በየስልኩ ላይ ይዘንባል። በማኅበረሰቡ ውስጥም ልጆች ገንዘብ አዋጥተው እናትና አባታቸውን በመርከብ መላክ እየተለመደ መጥቷል። አንዱ ለሰባ ዓመት፣ አንዱ ለሰማንያ ዓመት ልደት ይለዋል፤ የልደቱ ቀን በተዑዳት ዜሁት ላይ የተጻፈው ይሁን እንጂ ትክክለኛው ባይታወቅም። ነገሩ መልካም ነው። ወላጁን የሚያስብ ልጅ የተባረከ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ክፍሉ ሲመረጥ ነው። ሻጩ በስልክ ላይ ሆኖ «ለወላጆቻችሁ ተራ ክፍል ትሰጣላችሁ? የስፓ ክፍል አለ» ይላል። ልጆቹም «ለእማማና ለአባባ ምን ይበዛባቸዋል» ብለው ይፈርማሉ። ወላጆቹ የሚሰሙት ሁሉም ነገር ከተከፈለ በኋላ ነው። ስፓው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ወንድና ሴት ለየብቻ ይሁን አብሮ፣ የሚያስረዳቸው የለም። እነሱም በይሉኝታ «እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» ይላሉ። ከዚያ ሄደው ሳይገቡበት ይመለሳሉ፤ ወይም ይባስ ብሎ የማይገባቸው ሙቀት ውስጥ ገብተው ይወድቃሉ።

የስፓ ክፍል የሚባለው ነገር አዲስ አይደለም፤ በጣም ያረጀም አይደለም። የጣሊያኑ ኮስታ ኩባንያ በ2006 ባወጣው መርከብ ላይ ሳምሳራ ብሎ የሰየማቸውን ክፍሎች አቀረበ። በ2008 ደግሞ ሴለብሪቲ አኳ ክላስ የሚለውን፣ ካርኒቫል ክላውድ 9 የሚለውን ይዘው መጡ። ኖርዌጂያንና ኤም ኤስ ሲም የራሳቸው አላቸው። ስሙ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ክፍሉ ለስፓው ቅርብ ይሆናል፣ ጋዋንና ነጠላ ጫማ ይቀመጥበታል፣ አንዳንዱ ጋ ቀለል ያለ ምግብ የሚቀርብበት ልዩ ምግብ ቤት ይጨመራል። ከሁሉ በላይ ግን የሚሸጠው የመግቢያው ፈቃድ ነው። ጉዞው እስኪያልቅ ወደ ሙቀት ክፍሎቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መግባት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክፍሉና መግቢያው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ስፓ» የሚል ስም ያለው ክፍል ሁሉ መግቢያ አይጨምርም፤ ኩባንያዎቹም ውላቸውን ከዓመት ዓመት ይለዋውጡታል። በሌላ በኩል ደግሞ ተራ ክፍል የያዘ ሰው መግቢያውን ለብቻው ሊገዛ ይችላል፤ በአንዳንድ መርከብ ለአንድ ቀን፣ በአንዳንዱ ለጉዞው በሙሉ። ቦታው እንዳይጨናነቅ ቁጥሩ ስለሚወሰን የፈለገ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይጠይቃል። በዚያው ቀን ስፓውን በነፃ የሚያስጎበኙ መርከቦችም ብዙ ናቸው። አይቶ፣ ሽታውን አሽትቶ፣ ሙቀቱን በእጁ ቀምሶ ከዚያ መወሰን እያለ፣ ከሦስት ወር በፊት በስልክ መክፈል ምን ያስቸኩላል?

ሒሳቡንም ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል የስፓው ክፍል ከተራው በ1,500 ሸቀል ይበልጣል እንበል፤ የአንድ ቀን መግቢያ ደግሞ 150 ሸቀል ይሁን። አረጋዊው በጉዞው ሁለት ቀን ቢገባ 300 ሸቀል ነው። ስፓው ትርፍ የሚኖረው በየቀኑ ሁለት ሦስት ሰዓት እዚያው ለሚውል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይግዛ፤ ማንም አይከለክለውም። ግን መርከቡ በየቀኑ ወደብ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ሰውየውም ወርዶ ገበያውን ማየት የሚወድ ከሆነ፣ ገንዘቡ ለባዶ ወንበር ተከፈለ ማለት ነው።

መግቢያው ደግሞ ሁሉን አያጠቃልልም። ማሸት፣ የፊት እንክብካቤ፣ የጭቃ መቀባት የሚባሉት ሁሉ ለብቻቸው ይከፈላሉ። በባሕር ላይ የአንድ ሰዓት መታሸት ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ በዚያ ላይ በአብዛኛው 18 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ጉርሻ በራሱ ይደመርበታል። በብዙ መርከቦች ስፓውን የሚያስተዳድረው የመርከቡ ባለቤት ሳይሆን ቦታውን በውል የያዘ ሌላ ኩባንያ ነው። የሚያሹት ልጆች ገቢያቸው በሚሸጡት ልክ ስለሆነ ሲጨርሱ ቅባት ያቀርባሉ፣ ሰውነትን ያጠራል የሚሉት ዱቄት ያቀርባሉ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ እንጀራቸው ነው። ነገር ግን «አይ፣ አልፈልግም» ማለት ነውር የሚመስለው አረጋዊ ፊቱን ሲታሽ ከቆየ በኋላ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ክፍያው በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ የሚታወቀው በመጨረሻው ቀን ነው።

እስከዚህ የተባለውን የሰማ ሰው «ታዲያ ስፓ ለእነሱ ምን ያደርጋል፣ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ሊል ይችላል። ብዙ ሽማግሌዎችም ራሳቸው እንዲህ ይላሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ውኃንና ሙቀትን ከቤተ እስራኤል በላይ የሚያውቅ ማን አለ? መንደሩ ሲቆረቆር ወንዝ አጠገብ ነበር። ዓርብ ማታ ሰንበት ከመግባቷ በፊት ገላውን ያልታጠበ አልነበረም። ሴቶች ከመርገም ጎጆ ሲወጡ ወንዝ ወርደው ጠልቀው ነው ወደ ቤታቸው የሚገቡት። በዚያ አገር ከሌላው የሚለያቸው አንዱ ነገር ይኸው ውኃ ነበር።

ፍል ውኃውም እንግዳ አይደለም። በጎንደር በኩል የነበሩት ዋንዛዬን ያውቃሉ፤ የታመመ፣ ወገቡን የያዘው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ቀናት ተጉዞ የሚሄድበት ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1886 የተቆረቆረችው ከፍል ውኃው አጠገብ ነው። እናቶች የወይባ ጢስ ያውቃሉ፤ አራስ በቅቤ መታሸቷን ያውቃሉ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው በባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት መታጠኑን ያውቃሉ። መርከቡ ላይ ያለው የእንፋሎት ክፍል፣ የጋለ የድንጋይ መደብ፣ የሞቀ የጨው ውኃ ገንዳ የዚያው ዘመድ ነው። ልዩነቱ ዋጋውና መብራቱ ነው። ስለዚህ አረጋዊው ወደ ስፓ ሲገባ እንደ እንግዳ መሸማቀቅ የለበትም። ዕድሜውን ሙሉ በእርሻ፣ በቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራ፣ እዚህ ከመጣ በኋላ ደግሞ በፋብሪካና በጽዳት የደከመ ሰውነት ነው። ማረፍ ይገባዋል።

ማረፉ ግን ክብሩን ጠብቆ መሆን አለበት። በአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች የሙቀት ክፍሎቹ ለወንድና ለሴት አንድ ላይ ናቸው። በባሕር ልብስ ነው የሚገባው። ሰባ ዓመት ሙሉ ገላዋን ለባዕድ ያላሳየች እናት እዚያ መካከል ቆማ የምትሰማው ምንድን ነው? ልጆቿ «እማ፣ እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው» ቢሏት መልስ አይሆንም። እሷ ሁሉም አይደለችም። ደግነቱ መፍትሔ አለ። በአንዳንድ መርከቦች በልብስ መቀየሪያው ውስጥ ለወንዶች ብቻና ለሴቶች ብቻ የተለየ ትንሽ ሳውና አለ፤ ብዙ ጊዜም ለእሱ አይከፈልም። ማስታወቂያ ላይ አይወጣም፤ ምክንያቱም የሚሸጥ ነገር አይደለም። የሚያሽ ሰውም ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ እንዲሆን ቀጠሮ ሲያዝ መጠየቅ ይቻላል። እንግዲህ ለብዙ አረጋውያን የሚስማማው መግቢያ ከሁሉ ውዱ ሳይሆን ከሁሉ ርካሹ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጤና ነው። በሳውና ውስጥ ያለው አየር ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል። የጃኩዚው ውኃ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ የደም ግፊትንም ይጥላል። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው መድኃኒቱ አንድ ጊዜ አውርዶታል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ያወርደዋል። ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልማል፤ ወለሉ ርጥብ ነው፤ መርከቡ ይወዛወዛል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የዳሌ ስብራት ነው። ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስድ ሰውም ውኃ ቶሎ ያልቅበታል።

የስኳር ሕመም ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። ማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል ሲመጣ ስኳር የሚባለው በሽታ እምብዛም አልነበረበትም፤ ምግቡና ኑሮው ሲለወጥ ግን በብዙ ቤት ገባ። ስኳር ለረጅም ዓመት የቆየበት ሰው የእግሩ ስሜት ሊደነዝዝ ይችላል። የጋለው ድንጋይ ሲያቃጥለው አይሰማውም። ቁስሉን የሚያየው በማግሥቱ ነው፤ የስኳር ቁስል ደግሞ እንደሚታወቀው ቶሎ አይድንም።

ውኃውም ራሱ መጠየቅ አለበት። በ1994 በአንድ የመዝናኛ መርከብ ላይ 50 መንገደኞች በሌጂዮኔላ ባክቴሪያ በሚመጣ የሳንባ በሽታ ተይዘዋል፤ ምንጩ የጃኩዚ ገንዳዎቹ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ በጣም ጠብቋል። ሆኖም ከ2022 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት በሁለት መርከቦች ላይ 12 ሰዎች በዚያው በሽታ መያዛቸውን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል አስታውቋል፤ በዚህ ጊዜ የተጠረጠሩት በአንዳንድ ውድ ክፍሎች በረንዳ ላይ ያሉት የግል ጃኩዚዎች ነበሩ። በሽታው የሚጠናው በአረጋውያን፣ በሚያጨሱና ሳንባቸው በደከመ ሰዎች ላይ ነው። ይህ የተነገረው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም። ውድ ማለት ጤናማ ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ስለዚህ ከጉዞው በፊት ወደ ኩፓት ሆሊም ሄዶ የቤተሰብ ሐኪሙን «መርከብ ላይ ሳውናና ሙቅ ውኃ አለ፤ ልግባ ወይስ አልግባ?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ቀጠሮ ሥራ ነው። ሐኪሙ የሚፈቅድለት ሰውም ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቢበቃው፣ ከፊቱና ከኋላው ውኃ ቢጠጣ፣ ብቻውን ባይገባ፣ ሲነሳ ቀስ ብሎ ቢነሳ ይበጀዋል። የጉዞ መድን ሲገዛም ያለው በሽታ ሁሉ ይነገር። መርከብ ላይ ያለው ሐኪም በነፃ አያክምም፤ ያልተነገረ በሽታ ደግሞ መድን ኩባንያው ላለመክፈል ምክንያት ያደርገዋል።

ልጆች የማያስቡት ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ክፍሉ ያለበት ቦታ ነው። በብዙ መርከቦች ስፓው የተሠራው ከላይኛው ፎቅ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት በኩል ነው፤ ከመስኮቱ ባሕሩ እንዲታይ። የስፓ ክፍሎቹም አጠገቡ ናቸው። ማዕበል ሲነሳ ከሁሉ በላይ የሚወዛወዘው ደግሞ ያው የላይኛውና የፊተኛው ክፍል ነው። ራሱን የሚያዞረው፣ ወይም ሌሊት ለመጸዳጃ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚነሳ ሰው የሚመቸው መሐል ላይ ያለ ዝቅ ያለ ክፍል ነው፤ ያውም ርካሽ ነው። ልጆቹ ብዙ ከፍለው ወላጆቻቸውን መርከቡ በጣም በሚናወጥበት ቦታ ያስተኛሉ ማለት ነው። ሻወሩ ደፍ አለው ወይ፣ መያዣ ብረት አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ከጋዋኑና ከሽቶው ይበልጣል።

ሰንበትም አለ። በመርከብ ላይ በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ካርድ ነው። የስፓው መግቢያም እንደዚያው፤ የሚወሰደው ነገር ሁሉ በካርዱ ላይ ይመዘገባል። ሰንበትን በጥብቅ ለሚጠብቅ ሰው ከጉዞው አንድ ሙሉ ቀን ከስፓው ሒሳብ ይቀነሳል። ክፍሉ አሥራ ምናምነኛ ፎቅ ላይ ከሆነ በሰንበት ያለ ሊፍት እንዴት ይወጣል፣ እንዴት ይወርዳል? ከሐይፋ የሚነሱ የእስራኤል መርከቦች ለካሽሩትና ለሰንበት ያዘጋጁት ነገር ይኖራቸዋል፤ በውጭ አገር መርከብ ግን የካሸር ምግብ አስቀድሞ ካልታዘዘ አይገኝም። የስፓው ልዩ ምግብ ቤት የክፍሉን ዋጋ ከሚያስወድዱት ነገሮች አንዱ ነው፤ እዚያ መብላት የማይችል ሰው ግን የሌላውን እራት ከፈለ ማለት ነው።

ደግሞም ባሕሩ ራሱ ለሁሉም አንድ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን ጠረፍ በሌሊት በጀልባ ተጭነው በባሕር ኃይል መርከብ የመጡ አሉ። ሞሳድ በቀይ ባሕር ዳር በአሩስ ያቋቋመው የጠላቂዎች መዝናኛ መንደር የዚያ ሥራ ሽፋን ነበር፤ ቀን ቱሪስቱ ይዝናናል፣ ሌሊት ሌላ ሥራ ይሠራል። ለእነዚያ ሰዎች መርከብ ማለት ጨለማ፣ ዝምታ፣ የሕፃን ልቅሶ እንዳይሰማ መፍራት ነው። በሱዳን መንገድ ላይ ቤተሰቡን ቀብሮ የመጣም አለ። አንዳንዱ ዛሬ በመርከብ ተዝናንቶ ሲሄድ ደስታው እጥፍ ይሆናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማዕበሉን ሲሰማ እንቅልፍ ያጣል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም።

የነገሩ ሥር እንግዲህ ይህ ነው። ስጦታው ያለ ጥያቄ ሲመጣ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ይመስላል። በዚህ አገር አረጋውያን ብዙ ነገር በላያቸው ተወስኗል፤ የት እንደሚኖሩ፣ ስማቸው እንዴት እንደሚጻፍ፣ ወረቀታቸውን ማን እንደሚያነብላቸው። ዕረፍታቸው እንኳ በሌላ ሰው አፍ መመረጥ የለበትም። ልጆቹ «ድንገት እናስደስታቸው» ይላሉ። ደስታው ግን ድንገተኛ ከመሆኑ ይልቅ ልክ መሆኑ ይበልጣል። ምናልባት እናትየው መርከብ ሳይሆን ጥቤሪያ ፍል ውኃ፣ ሐማት ጋዴር ወይም ሙት ባሕር ሄዳ ከእኅቷ ጋር ሁለት ቀን ብታድር ትመርጥ ይሆናል። እዚያም ውኃው ሙቅ ነው፤ መሬቱ አይወዛወዝም፤ ሐኪሙም ቅርብ ነው። ምናልባትም አባትየው «መርከቡ ይሁንልኝ፤ ስፓው ይቅርና በልዩነቱ የልጅ ልጄን ይዤ ልሂድ» ይል ይሆናል። ከልጅ ልጅ ጋር ባሕር እያዩ ቡና ከመጠጣት የሚበልጥ ምን ስፓ አለ?

ሻጮቹም ድርሻ አላቸው። በአማርኛ ደውሎ የሚሸጥ ሰው ውሉንም በአማርኛ ማስረዳት አለበት። መግቢያው ተካቷል ወይስ አልተካተተም፣ ለስንት ቀን ነው፣ ወንድና ሴት አብሮ ነው ወይ፣ ቢሰረዝ ስንት ይመለሳል፤ አራቱ መልስ ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ይሰጥ። የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ዕድሜው 65 ዓመት ለሞላው ሰው በስልክ ንግግር የተደረገን ግዢ እስከ አራት ወር ድረስ የመሰረዝ መብት ይሰጣል፤ ለጉዞና ለመዝናኛ ግን የተለየ ገደብ አለው። በዚያ ተማምኖ ዝም ብሎ መክፈል አይበጅም። አስቀድሞ መጠየቅ በኋላ ከመከራከር ይቀላል።

የመጨረሻው ቃል የአረጋውያኑ የራሳቸው ነው። ይሉኝታ ያሳደጋቸው ባሕል ነው፤ ክብርም አለው። ነገር ግን ልጁ በደከመበት ገንዘብ የማይፈልጉትን ነገር ዝም ብሎ መቀበል ለልጁም አይጠቅመውም። «ልጄ፣ ተባረክ፤ ግን ይህ አይስማማኝም፣ ያኛው ይሻለኛል» ማለት ስጦታን መናቅ አይደለም። የፈለገም «አዎ፣ ስፓ እገባለሁ፣ ወገቤ ይታሽልኝ» ይበል፤ አያፍርም። ከወንዙና ከፍል ውኃው የመጣ ሰው በሞቀ ውኃ ውስጥ መቀመጥ አይነወርበትም። የሚነወረው ሳይጠየቅ መግባቱ ነው።